አውራዋ አታዝም፦ «ያለ አዛዥ ሥርዓት የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ የደረሰው በተማሪዬ በኩል ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ጠዋት ከክፍል ስወጣ አንዷ ተማሪዬ ተከትላኝ ወጣችና «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ሆኜ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሥርዓት ባለበት ሁሉ አዛዥ አለ። ሳይንቲስቶች «ራስን በራስ ማደራጀት» የሚሉት ነገር አዛዡን ለመደበቅ የተፈጠረ ቃል ነው። ለዚህ ስድስት ማስረጃ ቀርቧል፦ የንብ አውራ፣ የፈረሰ ቤት፣ አንድ የሩሲያ ኬሚስት፣ የእንጀራ ዓይን፣ የአየር ትንበያ እና የመንዝ ጓሳ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ያምራል። የሰሜን ሸዋን ገጠር የሚያውቁ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ምሳሌዎቻቸውን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ አብሬያቸው ነው ያደግሁት። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እነዚያው ምሳሌዎች ቀረብ ብለው ሲታዩ የሚናገሩት ሌላ ነው።

በነጥቦቹ ተራ ልሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ንብ

«ንብ ያለ አውራ አይኖርም። አውራዋ ታዛለች፣ ሌላው ይከተላል። አባቶቻችን ንብ ሲወጣ አውራዋን የሚይዙት ለዚህ ነው» ይላሉ።

አያያዙን በዓይኔ አይቻለሁ። አንኮበር አካባቢ አባቴ ቀፎ ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በሆነበት አንድ ረፋድ ላይ ንቡ ወጣ። ሰማዩ ጠቆረ። መንጋው ዞሮ ዞሮ ጓሯችን ካለው ጥድ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ትልቅ ዘለላ ተንጠለጠለ። አባቴ ፊቱን በነጠላ ሸፈነ። ባዶ እጁን ዘለላው ውስጥ ሰደደ። ልክ ዱቄት ውስጥ የወደቀ ቀለበት እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያለ ዳበሰ። አውራዋን በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣት። በቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ ውስጥ አድርጎ ቀፎው ውስጥ አኖራት። ጥቂት ቆይቶ መንጋው ሁሉ እየተግተለተለ ተከትሏት ገባ።

ያን ቀን እኔም «ንጉሣቸው ናት» ብዬ አምኛለሁ። ቋንቋችንም ወደዚያው ይገፋል። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና እንላለን። አውራ ማለት ዋና ማለት ነው፤ አለቃ ማለት ነው።

አባቴ ያሳየኝ ግን ምንድን ነው? ንቦቹ የእሷ ሽታ ካለበት እንደማይርቁ ነው። ሰው ሁሉ የሚከብበው ሰው መሆንና ትእዛዝ መስጠት አንድ አይደለም። መንጋው የት እንደሚሄድ የሚወስነው ማነው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ለዚህ ደግሞ መልስ አለ።

በ1949 ማርቲን ሊንዳወር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ሙኒክ ከተማ ውስጥ የወጣ መንጋ አየ። ዘለላው ላይ የሚጨፍሩ ንቦች ነበሩ። የንብ ጭፈራ አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት መናገሪያ መሆኑን መምህሩ ካርል ፎን ፍሪሽ ቀድሞ ደርሶበታል፤ በ1973 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሊንዳወርን የገረመው ግን እነዚህ ጨፋሪዎች ቆሻሻ መሆናቸው ነው። አንዷ በጥላሸት ጠቁራለች። አንዷ በጡብ ብናኝ ቀልታለች። አንዷ ዱቄት ለብሳለች። ከአበባ የመጣች ንብ እንዲህ አትሆንም። ሙኒክ ያኔ ጦርነት ያፈራረሳት ከተማ ነበረች። ንቦቹ የፍርስራሹን ጭስ ማውጫና የግንብ ስንጥቅ ሲጎበኙ ውለው ነው የመጡት። ቤት ፍለጋ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሊንዳወር፣ በኋላም አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ፣ ነገሩን ዓመታት ወስደው ተከታተሉት። አሠራሩ እንዲህ ነው። 10,000 ያህል ንብ ካለው መንጋ ውስጥ ጥቂት መቶ ቃኚዎች ይወጣሉ። እያንዳንዷ አንድ ቀዳዳ አግኝታ ትመለሳለች። ያገኘችው ቤት ጥሩ ከሆነ ብዙ ዙር ትጨፍራለች፤ መናኛ ከሆነ ትንሽ ጨፍራ ታቆማለች። ጭፈራዋን ያየች ሌላ ቃኚ ሄዳ ራሷ ታያለች። ካመነችበት እሷም መጥታ ትጨፍራለች። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ማንኛዋም ቃኚ በተመለሰች ቁጥር ጭፈራዋን እየቀነሰች ትሄዳለች። በያዝኩት ልሙት የለም። ስለዚህ የመናኛ ቤት ወሬ ቶሎ ይጠፋል። የጥሩው ቤት ደግሞ አዳዲስ ምስክር እያገኘ ይቀጥላል። ከዚህም ሌላ የተለያየ ቤት የያዙ ቃኚዎች አንዷ ሌላዋን በግንባሯ ገጨት እያደረገች «በቃሽ» የሚል አጭር ድምፅ ታሰማለች። በአንዱ ቀዳዳ ደጃፍ ላይ 20 ወይም 30 ቃኚዎች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ምልክቱ ይሰጣል። መንጋው የክንፍ ጡንቻውን እስከ 35 ዲግሪ ያሞቃል። ይነሣል።

በዚህ ሁሉ አውራዋ የት ናት? ዘለላው መሐል ተቀምጣለች። ቤቱን አላየችም። አልጨፈረችም። ሊንዳወር አንዴ ሁለት ወገን እኩል ሆኖ ሳይስማማ የተነሣ መንጋ ገጥሞታል። ግማሹ ወደ አንድ ወገን፣ ግማሹ ወደ ሌላ ወገን አየር ላይ ተጓተተ። በመጨረሻ ወደነበረበት ተመልሶ አረፈ። አዛዥ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትም አለ። አውራዋ ከመሐል ከጠፋች መንጋው ጉዞውን አቋርጦ ይመለሳል። ያለ እሷ እንቁላል የለም፤ ዘር የለም። እሷ የግድ ናት። ነገር ግን እሷን አውራ የሚያደርጓት ሠራተኞቹ ናቸው። ሠራተኛ ንብና አውራ የሚወጡት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ልዩነቱ ሠራተኞቹ የሚያበሏት ምግብ ነው።

ስለ ፈረሰው ቤት

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደው ነው። «ሰው የለቀቀው ቤት ይፈርሳል እንጂ ራሱን አይጠግንም። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የተተወ ነገር ሁሉ ወደ መበታተን እንደሚሄድ ይናገራል» ይላሉ።

ሕጉ እውነት ነው። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ክላውዚየስ በ1865 ለመበታተኑ መጠን ኢንትሮፒ የሚለውን ስም ካወጣ ጀምሮ ሕጉን የረታው የለም። ግን የሚናገረው ስለ ተዘጋ ነገር ነው፤ ምንም ስለማይገባበትና ምንም ስለማይወጣበት። የፈረሰ ቤት ደግሞ የተዘጋ ነገር አይደለም።

እስቲ ያንኑ የፈረሰ ቤት እንየው። ሰው ከለቀቀው ሁለት ክረምት ያለፈውን። ክዳኑ ወርዷል። ግድግዳው ተንዷል። መሐሉ ላይ፣ ምድጃው በነበረበት፣ ምን በቅሏል? ሳማ። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የፈረሰ ቤት ምልክቱ ሳማ ነው። አመዱና እበቱ ተመችቶት ነው። የአንዷን የሳማ ቅጠል ሥርዓት ተመልከቱ። ጠርዟ እንደ መጋዝ ተስተካክሏል። እሾኋ ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ነው። ግድግዳውን የናደው ዝናብና ፀሐይ ሳማውን አቁሞታል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ክረምት፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ተሠራ።

ሕጉ የሚጠይቀው ሒሳቡ በጠቅላላው እንዲሞላ ነው። መሬት ሒሳቧን የምትሞላው ከፀሐይ በሚመጣውና ወደ ጠፈር በሚወጣው መካከል ነው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ የጋለ ነው። ከዚያ የሚመጣው ብርሃን የተሰበሰበ ኃይል ነው። መሬት የተቀበለችውን ያህል ኃይል መልሳ ትለቃለች፤ ነገር ግን በትንንሹ ዘርዝራ ነው። ፎቶን የብርሃን ትንሹ ቅንጣት ነው፤ አንድ የብርሃን ፎቶን ስትቀበል 20 ያህል የሙቀት ፎቶኖች ትለቃለች። ልክ የመቶ ብር ኖት ተቀብሎ በአምስት አምስት ብር ዘርዝሮ እንደ መስጠት ነው። ብተናው ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያ ሳቢያ ሳማውም፣ ንቡም፣ እኛም እንቆማለን።

በነገራችን ላይ የደብረ ብርሃን ሰው ይህን በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ያየዋል። ሌሊቱ ጥርት ያለ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተሠርቶ ይገኛል። ውሃው የበረዶ ቅርጹን ያወጣው ሙቀቱን እየለቀቀ ነው። አመዳይና የንብ መንጋ ግን አንድ አይደሉም። አመዳይ አንዴ ከተሠራ ብርዱ እስካለ ዝም ብሎ ይቆያል። መንጋው፣ ሳማውና እሳት ላይ ያለ ምጣድ የሚቆሙት ኃይል በውስጣቸው ሲያልፍ ብቻ ነው። ሲቋረጥ ያበቃላቸዋል። ኢልያ ፕሪጎዢን በ1977 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንዲህ ዓይነቱን ሥርዓት በቀመር ስላስረዳ ነው።

ስለ ሩሲያዊው ኬሚስት

«አንድ ሩሲያዊ ቀለሙን ራሱ የሚለዋውጥ ፈሳሽ አገኘሁ ቢል የራሱ ሙያ ሰዎች እንኳ አላመኑትም» ይላሉ። ሰውየው ቦሪስ ቤሉሶቭ ነው። አለማመናቸውም እውነት ነው።

ግን ለምን አላመኑትም? በ1951 የላከው ጽሑፍ የተመለሰው ልክ ጸሐፊው አሁን በሚያነሡት ምክንያት ነው፤ «ሕጉን ይጥሳል፣ አይሆንም» ተብሎ። ፈሳሹ ከቢጫ ወደ ቀለም የለሽ፣ ከቀለም የለሽ ወደ ቢጫ እየተመላለሰ በዓይን ይታይ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ዣቦቲንስኪ የሚባል ወጣት ሥራውን ደገመው፤ ሠራ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይሠራል። ሕጉም አልተጣሰም። ፈሳሹ የሚወዛወዘው ነዳጁን እየበላ ወደ ማብቂያው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ነዳጁ ሲያልቅ ይቆማል። ቤሉሶቭ በ1970 ሞተ። የሌኒን ሽልማት የተሰጠው በ1980 ነው። በሕይወት ሳለ ያገኘው «አይሆንም» የሚለውን ቃል ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪ ስናገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የእሱ መከራ በእሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ይባስ።

ስለ እንጀራ ዓይን

«ራሱን የጋገረ እንጀራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይኑን የምታወጣው ጋጋሪዋ ናት» ይላሉ።

ይህ ነጥብ ከሁሉ የሚጠቅመኝ ነው። ምክንያቱም የክርክሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው ያለው።

እናቴ ስትጋግር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጤፉን ታቦካለች፤ እርሾ ትጨምራለች። በአንኮበር ብርድ ሊጡ ቶሎ ስለማይደርስ ከምድጃው ዳር ታስጠጋዋለች። ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ትደፋለች። አብሲት ትጥላለች። ኩፍ ሲል ምጣዱን ትጥዳለች፣ በጎመን ዘር ታስሰዋለች። ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ታፈሳለች።

ከዚያ እጇን ትሰበስባለች። ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ታያለች ብቻ። ዓይኑ ተራ በተራ ቦግ ቦግ ይላል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ከዚያ ምጣዱ ሙሉ። ዓይኑ ሲያልቅ በአክንባሎ ትከድነዋለች።

ምን ሆነ? እርሾው ሊጡ ውስጥ ጋዝ አጠራቅሟል። ሙቀቱ ከታች ሲመጣ ጋዙ ያብጣል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሊጡ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እየበሰለ ይጠነክራል። አረፋው ጥሶ የወጣበት መንገድ ሳይደፈን ይደርቃል። ተቀራራቢ አረፋዎች አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ በዓይኖቹ መካከል ርቀት ይኖራል። ሊጡ ቢቀጥን፣ አብሲቱ ቢያንስ፣ እሳቱ ቢደክም እንጀራው ይደፈናል። ምጣዱ በአንድ ወገን ካልሞቀ በዚያ ወገን ዓይን የለውም።

እናቴ ሁኔታውን አዘጋጀች። ዓይኖቹን ግን አንድ በአንድ አልበሳችም። የዛሬው እንጀራ አሥረኛ ዓይን የት እንደሚወጣ ብትጠይቋት አታውቅም። ሊጡም አያውቅም። ቦታው የሚገኘው በጋዙ፣ በሊጡና በእሳቱ ትግል መካከል ነው። «ራሱን በራሱ አደራጀ» ስንል ይህንን ማለታችን ነው። ጋጋሪ የለችም አላልንም፤ ዓይን ነዳፊ የለም ነው ያልነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ያዩአቸዋል። በጽሑፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመላለሰው ስሕተት ይሄ ነው።

ይህንኑ ነገር ያለ እርሾም ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው አንሪ ቤናር በ1900 ቀጭን ፈሳሽ ከታች አሙቆ ላዩ ላይ እንደ ንብ ሰፈፍ ያለ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ አየ። ሎርድ ሬይሊ በ1916 የሙቀቱ ልዩነት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ፈሳሹ በድንገት መዞር እንደሚጀምር በሒሳብ አሳየ። ከዚያ መጠን በታች ሙቀቱ ጸጥ ብሎ ያልፋል፤ ምንም ቅርጽ የለም። እኛ ክፍል ውስጥ የምንሞክረው በመጥበሻ ነው። ትንሽ ዘይት፣ ቆንጠር ያለ ደቃቅ የእርድ ዱቄት፣ ዝግ ያለ እሳት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እርዱ ይሰበሰብና ክፍል ክፍል ይሠራል። ዘይቱን ብታበዙት ክፍሎቹ ይሰፋሉ፤ ብትቀንሱት ይጠባሉ። ማንም አልሳላቸውም።

እነዋሪ በኩል በበጋ የሄደ ሰው መረሬው መሬት ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። እሱም የዚሁ ዘመድ ነው። በየሸዋው ገደል ዓምድ ዓምድ ሆኖ የቆመው ጥቁር ድንጋይም እንዲሁ፤ የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ወደ ስድስት ማዕዘን ይጠጋል። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ዓምዱ ወፍራም ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ይህን የሚሉ ሰዎች ፈጣሪን ሊክዱ ነው» የሚል ቃል ጣል አድርገዋል። እኔ አማኝ ነኝ። ቤናርን ሳስተምር እምነቴን በር ላይ ጥዬ አልገባም። ሳይንሱ የሚናገረው ቅርጹ ከሕጉና ከሁኔታው እንዴት እንደሚወጣ ነው። ሕጉን ማን ሰጠ የሚለውን በመጥበሻ አንፈትነውም። ተማሪዎቼ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ እንዲባሉ አልፈልግም።

ስለ አየር ትንበያ

«እነሱው ናቸው ቢራቢሮ ክንፏን ብታራግብ አውሎ ነፋስ ይነሣል የሚሉት። እንዲህ ከሆነ ሥርዓት የሚባል የለም፤ ትንበያም ዝም ብሎ ግምት ነው» ይላሉ።

እዚህ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 የአየር ጠባይ ስሌቱን በኮምፒውተር ሲደግም 0.506127 በሚለው ቁጥር ፋንታ 0.506 ብሎ አስገባ። ውጤቱ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ፍጹም ሌላ ሆነ። ሕጎቹ ግን አንድም አልተነኩም። ሥርዓቱ አለ፤ ትንሹ ስሕተት እያደገ ስለሚሄድ ሩቁን ማየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው የነገው ትንበያ የሚታመነው፣ የሁለት ወሩ ደግሞ የማይታመነው። ሎሬንዝ በ1963 ያሳተማቸው ሦስት ቀመሮችም የመጡት ከዚያው ከታች ከሚሞቅ ፈሳሽ ነው። መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ሥርዓትም፣ መተንበይ አለመቻልም በአንድ ላይ ያስተምራል።

ስለ ጓሳ

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ብዙውን እስማማለሁ። «ነገር ራሱን ያደራጃል ካላችሁ የመንዝን ጓሳ ለራሱ ተዉትና እንይ» ይላሉ። ጓሳ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት። የቆየው ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ነባር የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈትበትን ቀን የሚያውጁ፣ የሚያስጠብቁ አባቶች ነበሩ፤ ያፈረሰ ይቀጣ ነበር። ይህ የታሰበበት የሰው ሥራ ነው። ራስን በራስ ማስተዳደር ነው እንጂ እኔ የማወራው ራስን በራስ ማደራጀት አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሳይንቲስት ካለ ጸሐፊው ቢገሥጹት አልቃወምም።

ግን በተዘጋው ውስጥ ያለውን ደግሞ እንይ። ቄሮ በሩን ጠበቀ። ሣሩን በየጉቻው አልተከለም። ሲነጋ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ የሚበተነውን ጭላዳ «ይህ ቤተሰብ ወደዚህ፣ ያ ወደዚያ» ብሎ የሚመድበው ጠባቂ አልነበረም። ቤተሰቦቹ ጠዋት ይቀላቀላሉ፣ ይለያያሉ፣ ማታ ወደ ገደሉ ይመለሳሉ። ጸሐፊው ጓሳን ካዩት ቆይተው እንደሆነ አንድ ጠዋት እንሂድ። እኔ መጥበሻውን እይዛለሁ።